የሚቆጣው ፍሪጅ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውዬው ወሬ ያበዛው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ቁጥብ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ውሎ ኪሱ ሙሉ ብሎን ይዞ ይገባል፤ "እንዴት ዋላችሁ" ይላል፤ እጁን ይታጠባል፤ ይበላል፤ ይተኛል። ከተቀበረ ወዲህ ግን ወጥ ቤት ካለው ፍሪጅ ሆድ ውስጥ ሆኖ ሚስቱን ባሻው ሰዓት ይቆጣት ጀመር።

"በሩን ዝጊ አንቺ ሴት! ብርዱ አለቀ እኮ!"

ነገሩ መንፈስም አስማትም አይደለም፤ ይህን ሚስቲቱ ራሷ ከማንም በላይ ታውቃለች። ፍሪጁ አዲስ የተገዛ ሰሞን፣ በሩ ተከፍቶ ሲቆይ "ጢጥ፣ ጢጥ" እያለች የምታስጠነቅቅ ነገር ነበረችው። ባልየው ጩኸቷን ጠላው። ነቅሎ ጣላትና፣ አንድ ደንበኛ ሊያሠራት አምጥቶ በዚያው ከተዋት የምትናገር አሻንጉሊት ሆድ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል የድምፅ መቅጃ አወጣ፤ የራሱን ድምፅ ቀዳባትና በጢጥጢጧ ቦታ በየዳት። ሴትዮዋ ደግሞ አመል አለባት። የፍሪጁን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ?" ብላ ካላሰበች ምግብ የምትሠራ አይመስላትም። ሐሳቧ ሲረዝም የባልየው ቁጣ ይወጣል፤ በሩን ስትዘጋው ቁጣውም ይቆማል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ፤ ቤተሰቡም ድምፁን ለምዶት ልብ ማለቱን ተወው።

ጣጣው የመጣው የሴት ልጃቸው አማቾች መጀመሪያ ጊዜ ቤታቸውን ያዩ ዕለት ነው። ሴትዮዋ ለእንግዶቹ ቀዝቃዛ ውሃ ልታወጣ ጎንበስ ብላ ጠርሙስ ስታማርጥ፣ ቁጣው እንግዶቹ ፊት ወጣባት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ ግን የልጅቷ አማት "የቤቱ አዛዥ ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ተነገረን!" ሲሉ የሴትዮዋ ፊት በርበሬ መሰለ። እንግዶቹን በፈገግታ ሸኝታ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ወደ ባሏ ዞረች።

"ድምፅህን ሁለተኛ መስማት አልፈልግም!" አለችው። "ሰማህ? ሁለተኛ!"

"እነቅለዋለሁ" አለ ባልየው።

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያቺ ቃል አንዴ ከወጣች በኋላ የሚመልሳት ጠፋ። ተኮራረፉ። እሱ ጨው ሲፈልግ ተነስቶ ራሱ ያመጣል፤ እሷ ሳህኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ታስቀምጥለታለች። በኩርፊያው ሰሞን ቤቱ ውስጥ ከባሏ አንደበት የሚሰማው ቃል ፍሪጁ የሚለው ብቻ ነበር። እሷም አንዳንዴ ምንም ሳትፈልግ በሩን ከፍታ ትቆማለች። ኩርፊያ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። ማን ይቅደም፣ ማን ይቅደም ሲባባሉ፣ ሰውዬው አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ገብቶ፣ አንድ የተፈታ ሬዲዮ ፊቱ እንዳስቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ጎረቤት ባለሱቆች ያንቀላፋ መስሏቸው ሳይቀሰቅሱት አረፈዱ።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ሴትዮዋ ውሃ ልትጠጣ ፍሪጁን ከፈተች፤ ከፍታም ለምን እንደከፈተችው ጠፍቷት ፈዛ ቀረች። ቁጣው ሲመጣባት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እነቅለዋለሁ ያለውን ሳይነቅል ነበር የሄደው። ድምፅህን አልስማ ላለች ሴት ድምፁን ትቶላት ሄደ። ሆን ብሎ ይሁን ሳይደርስበት ቀርቶ፣ የሚነግራት የለም። እሷ ግን እንደተቀየማት ሞተ ብላ ቆረጠች። ይህ ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ።

ከዚያ ወዲያ በሩን መክፈት ሥራዋ ሆነ። ወንበር ስባ፣ ሹራብ ደርባ፣ ከተከፈተው ፍሪጅ ፊት ትቀመጥና ታወራዋለች።

"ተናድጄ ነው እንጂ ከልቤ እኮ አይደለም" ትለዋለች።

"በሩን ዝጊ አንቺ ሴት!" ይላታል።

"አንተስ ብትሆን? ሰው ፊት ነው ያዋረድከኝ።"

"ብርዱ አለቀ እኮ!"

ይቅርታ ለሚለምን ሰው ይህ መልስ ነው? ፍሪጅ ምን ያውቃል! እሷ ግን መልሱን ዕለት ዕለት ትመዝነው ነበር፤ ዛሬ ለስለስ ያለ ይመስላታል፣ በማግስቱ የባሰበት ይመስላታል። ጎረቤቶቿ "ሴትዮዋ ከፍሪጅ ጋር ማውራት ጀምራለች" እየተባባሉ ከንፈር ይመጡላታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም።

በኋላ ነገሩ በእውነት ከፋ። ፍሪጁ ከላይ በረዶ ይጋግር፣ ከታች ውሃ ያንጠባጥብ፣ ወተት ያበላሽ ጀመር። ሞተሩ ይነሳል፣ ያቃስታል፣ ይጠፋል፤ ደግሞ ይነሳል። አንድ ቀን ልብስ ስታጣጥፍ፣ የፍሪጁ በር ግጥም ብሎ ተዘግቶ ሳለ፣ ድምፁ ከወጥ ቤት መጣ።

"በ...ሩን... ዝ...ጊ..."

ክው አለች። የባሏ ድምፅ ነው፤ ግን ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ አፈር የተጫነው ሰው ድምፅ ሆኖ ነው የመጣው። ያጣጠፈችውን ልብስ እንዳቀፈች ሄዳ በሩን ነካችው።

"ተዘግቷል እኮ" አለችው። "ይኸው፣ ዘግቼዋለሁ።"

ደገመው። ከዚያ ወዲህ ስትበላም፣ ስትጸልይም፣ ደጅ ቆማ ከሰው ጋር ስታወራም ይጠራት ጀመር። ቀን በቀን እየወፈረ፣ እየዘገየ ሄደ። በመጨረሻ ቃላቱን የምትለየው ስለምታውቃቸው ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ ፈራች፤ ፍርሃቷ ግን የሞተ ሰው ተናገረኝ ብላ አይደለም። ሰውዬው ይቅር ሳይላት እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጨርሶ ሊጠፋባት እንደሆነ ነው የገባት።

ልጇ ከጎረቤት ስልክ ሲደርሳት ከምትሠራበት ከተማ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ገብታ እናቷን ስማ ቀና ከማለቷ ሰማችው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

"እማ! ይሄ... አባዬ ነው?"

"አዎ፣ አባትሽ ነው" አለች እናት፣ ጎረቤት ደጅ የመጣ ያህል።

"እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሽ ነው የምትኖሪው? ታብጃለሽ እኮ! ወይ ይሠራ ወይ ይጣል፤ አንዱን ምረጪ።"

እናት አልመረጠችም። ልጅቷ መረጠችላትና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፍሪጅ ሠሪ ይዛ መጣች።

ፍሪጅ ሠሪው ግዙፍ፣ ላብ የማያጣው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ሰፈሩ "የብርድ ሐኪም" ይለዋል። "በሽተኛው የታለ?" እያለ ገባ። የመሣሪያ ቦርሳውን ገና ሳያስቀምጥ "በ...ሩን... ዝ...ጊ..." የሚል ድምፅ ሰማ። "ይቅርታ አባቴ!" ብሎ ተመልሶ የቤቱን በር ዘጋና፣ አባወራውን ሰላም ልበል ብሎ በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። እናትና ልጅ ተያዩ። ልጅቷ ነገሩን ስታስረዳው ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

"ነፍስ ይማር" አለ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው።

ሶኬቱን ነቀለ። ፍሪጁን ከግድግዳው አላቆ ጀርባውን አዞረውና ከላይ በኩል ያለውን ክዳን በካቻቪቴ ፈታ። የወጥ ቤቱ ብርሃን እዚያ ድረስ ስለማይደርስ፣ ልጅቷ ስልኳን እንደ ባትሪ አብርታ ያዘችለት። ውስጡ መዳፍ የሚያክል፣ ጥቃቅን ዕቃ የተደረደረበት ቦርድ ታየ፤ ጠርዝ ጠርዙን አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ወሮታል።

"አያችሁት?" አለ። "ቦርዱ ይሄ ነው። ሞተሩን ተነስ፣ ተኛ የሚለው፣ በረዶውን አቅልጥ የሚለው፣ በሩ ተከፍቷል ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። እርጥበት በልቶታል። ስቷል ምስኪን፤ የተዘጋውን በር ተከፍቷል ይላል። ጉልበትም አንሶታል፤ ድምፁ የሚጎተተው ለዚህ ነው። አዲስ ይዤለታለሁ፣ ልክክ ይላል። ግን ምክንያቱን ካላወቅን አዲሱንም ይበላዋል። ይቅርታ እማማ፣ ይሄን በር ከፍቶ የሚረሳ ሰው አለ?"

"የሚረሳ የለም" አለች እናት። "እኔ ነኝ የምከፍተው።"

"ምን ልታወጪ?" አለች ልጅቷ።

"ምንም። ልሰማው።"

ፍሪጅ ሠሪው አንገቱን አቀረቀረ። "እንግዲህ እማማ፣ በሩ ተከፍቶ ሲውል የቤቱ ሙቀት ይገባል፤ ውስጡ ያልበዋል። ላቡ ሽቦውን ይዞ ይወጣና እዚህ ይጠራቀማል" አለ፣ የሰው ቁስል እንደሚነካ ሰው እየተጠነቀቀ።

ሴትዮዋ ገባት። ያ ድምፅ እንዲያ አፈር የተጫነው እስኪመስል የወፈረው፣ እሷ ልስማው፣ ልስማው ስትል ነው። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ፍሪጅ ሠሪው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ቦርዱን አወጣው። ከጀርባው ያቺ የክብሪት ቀፎ የምታክል መቅጃ ከነሽቦዋ ተንጠልጥላ መጣች፤ ጎኗ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ ተጣብቃባታለች። ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አያት።

"ይሄን የበየደ ሰው እጁ ይባረክ" አለ። "ግን ይቺ ባትሪ አንድ ሐሙስ ነው የቀራት። የተቀዳውን ይዛ ያቆየችው እሷ ናት፤ ከሞተች ድምፁም አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ቦርድ የራሱ ጢጥጢጥ አለው። ምን ላድርጋት?"

"ጣላት!" አለች ልጅቷ።

"እንዳትነካት!" አለች እናት።

"እማ፣ በቃ! ሲቆጣሽ መዋል ነው የቀረሽ? አባዬን የምናስታውሰው በዚህ ነው?"

"አንቺ አልነበርሽም" አለች እናት። "እንደተኳረፍን ነው የሞተው። ድምፅህን ሁለተኛ አልስማ አልኩት፤ ይቺን ነው ከእኔ ይዞ የሄደው። ከሱ ደግሞ ለእኔ የቀረኝ ቁጣው ነው። ቁጣም ቢሆን የሱ ነው፤ ለምን ትወስዱብኛላችሁ?"

ልጅቷ አባትና እናቷ መኳረፋቸውን ገና አሁን መስማቷ ነው።

ፍሪጅ ሠሪው መሀላቸው ገባ። "እማማ፣ አይጨነቁ። ከአዲሱ ጋር አገናኛታለሁ። መጀመሪያ ግን በኔ ባትሪ ኃይል ልስጣትና እንሞክራት።" ከቦርሳው ባትሪ አውጥቶ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አስያዛት። "እስከዛሬ ቦርዱ ኃይል የሚሰጣት ለጢጥጢጥ ያህል ነው፤ ትንሽ ተናግራ ትቆረጣለች። አሁን ግን የሚቆርጣት የለም፤ የተቀዳባትን ጨርሳ ታወራለች።" እንዲህ ብሎ ተጫናት።

"በሩን ዝጊ አንቺ ሴት! ብርዱ አለቀ እኮ!"

ጥርት ያለ የጎልማሳ ድምፅ ነበር። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። እንዲህ አድርጋ ሰምታው አታውቅም፤ ወይም ሰምታው ረስታዋለች።

ድምፁ ግን በዚያ አላበቃም። አንድ ነገር ተንኳኳ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች። ዝም ብሎ ፈገግታ አልነበረም፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት የምትስቅ ሴት ሳቅ ነው።

"ማናት?" አለች ልጅቷ።

እናት አላወቀቻትም። በዚያች ቅጽበት ያላሰበችው የለም፤ ሱቁን፣ ደንበኞቹን፣ አሻንጉሊቷን ያመጣውን ሰው፣ ዝምታውን ሁሉ አሰበች። ሰውዬው እሷን ሲቆጣ አጠገቡ ሆና የምትስቀው ማን ናት?

"እንዲህ ነው እንጂ አያ ብሎን!" አለች የምትስቀዋ ሴት። "አሁን ገና ቆጣ አልክ! የቅድሙማ ልመና ነበር የሚመስለው። እንደሱ ብትለኝማ በሩን ገንጥዬ ነበር የምጥልልህ!"

አያ ብሎን። በዚህ ስም በዓለም ላይ ከአንዲት ሴት በቀር ማንም ጠርቶት አያውቅም። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ትዝ አላት። ባሏ ሽቦ ተዝረክርኮበት እዚሁ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። እሷ እጇ ሳሙና እንደነካው አጠገቡ ቆማ፣ "አይሆንም፣ ድገመው! ጮክ በል! እንዲህማ ማን ይፈራሃል!" እያለች ደጋግማ አስጩኻዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ አጥንቷ ድረስ የገባውን ቁጣ ለምና ያስቀዳችው እሷው ራሷ ናት። እንዴት እንደረሳችው አታውቅም። ዓመታት ሙሉ የሚሰማው ቁጣው ብቻ ሲሆን፣ ሳቁ ከሥር ተቀብሮ ቀረ።

ከዚያ የባልየው ድምፅ ተመለሰ፤ እሱም እየሳቀ ነበር።

"በቃ፣ ይቺው ትበቃለች። ሁለተኛ ተቆጣኝ እንዳትዪኝ። ባንቺ ላይ አልሆንልኝ አለ።"

ቀጭ አለና ጸጥ አለ።

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሳች። "ድገመው" አለች። ፍሪጅ ሠሪው እጁን እስኪዘረጋ አልጠበቀችም፤ በሁለት እጇ መቅጃዋን አፈፍ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋቻት። ሽቦዎቹ ተወጠሩና ተበጠሱ። ያቺ አንድ ሐሙስ የቀራት ባትሪም ከጎኗ ተላቃ፣ ወለሉ ላይ ወድቃ፣ ተንከባላ ፍሪጁ ሥር ገባች።

"እማማ!" አለ ፍሪጅ ሠሪው።

ተንበርክኮ ባትሪዋን በካቻቪቴ ጫፍ ፈልጎ አወጣ፤ መቅጃዋን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብሎ አስያዛት። የራሱን ባትሪም አስያዛት። ተጫናት። ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ መጣ። ደጋግሞ ተጫናት፤ ያው ነው። ልጅቷ ስልኳን አየችው። መቅዳት የሚችል ስልክ ይህን ሁሉ ጊዜ በእጇ ነበር፤ እያበራ። ለማንም አልታወሰም።

"እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ ፍሪጅ ሠሪው፤ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። "ጠበቅ አድርጌ መያዝ ነበረብኝ።"

ሴትዮዋ ቆማ ባዶ እጆቿን ታያለች። ልጅቷ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት።

"እማ... እንደዛ ትስቂ ነበር?"

"እስቅ ነበር" አለች እናት።

ፍሪጅ ሠሪው ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲሱን ቦርድ አስገባ፤ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ሰካ፤ የክዳኑን ብሎኖች አጠበቀ፤ ፍሪጁን ወደ ግድግዳው መልሶ ሶኬቱን ሰካው። ሞተሩ አንዴ ተንቀጠቀጠና ሳያቃስት ተነሳ። በሩን ከፍቶ ጠበቀ። "ጢጥ፣ ጢጥ" አለ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ቤት ፍሪጅ። ዘጋው።

ከዚያ መቅጃዋን ከጠረጴዛው አንስቶ በመሀረቡ ጠቀለላት።

"እማማ፣ ይቺን ልውሰዳት። እንዲህ ያለ ነገር የሚችል አንድ ወዳጅ አለኝ። ቃል አልገባም፤ ግን ይሞክርልን። ምናልባት ቁጣውን እንኳ ቢመልስልዎ..."

"ተወው ልጄ" አለች ሴትዮዋ። "አልሆንልኝ አለ አይደል ያለው? ሰውዬውን አታስገድዱት።"

ይህን ብላ እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና፣ እንግዳ ሰው ፊቷ መቆሙን ሳትቆጥር፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።